ተናካሽ ውሻ አይወለድም

ሶዶ ውስጥ በየበሩ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ይኹን። ግን ውሻውን ኃይለኛ ያደረገው ማነው?

ለመሆኑ ከእናቱ ሆድ ተናካሽ ሆኖ የወጣ ቡችላ ያየ አለ? እኛ አላየንም። እኛ ያየነው ጡት ሳይጠግብ በካርቶን የመጣ፣ ልጆች እጃቸውን አፉ ውስጥ እየከተቱ «ያዘው! ያዘው!» የሚሉት፣ ሲነክስ የሚሳቅለት፣ ከፍ ሲል ግን በዚያው ጥፋት በዱላ የሚነረት ቡችላ ነው። ከዚያ አጭር ሰንሰለት! ሚጥሚጣ ቢቀምስ ይበረታል የሚሉም አልጠፉም። ጎበዝ፣ ይሄ ማሳደግ ነው ወይስ ማሳበድ?

«ጠባቂ እንፈልጋለን» አትበሉን። አበው «ውሻ በበላበት ይጮኻል» አሉ እንጂ ይናከሳል አላሉም። ሰንሰለቱን የበጠሰ ውሻ ሌባ አይመርጥም፤ መጀመሪያ የሚያገኘው ደብተር ይዞ የሚያልፈውን የጎረቤት ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በእብድ ውሻ በሽታ በተጠረጠሩ እንስሳት ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቡችላው እስከ 8 ሳምንቱ ከእናቱና አብረውት ከተወለዱት ጋር ይቆይ። አንዱን አጥብቆ ሲነክስ ያኛው ይጮኻል፣ ጨዋታው ይቆማል፤ የንክሻን ልክ የሚማረው እዚያ ነው። ቤት ሲመጣም ያንኑ ቀጥሉበት። ሲነክስ አትምቱት፤ እጃችሁን ሰብስባችሁ ጥላችሁት ዞር በሉ። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ዓይነት ካደረገ፣ ንክሻ ጨዋታ እንደሚያስቀር በጥቂት ሳምንታት ይገባዋል። ከ4 እስከ 6 ወሩ ጥርስ ሲቀይር ድዱ ያሳክከዋል፤ ጫማችሁን የሚያኝከው ጠልቷችሁ አይደለም። ጫማውን ከፍ አድርጋችሁ የተቋጠረ ወፍራም ገመድ ስጡት። 3 ወር ሲሞላው አስከትቡት። የተነከሰ ሰው ካለም ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

«አላወቅንም» ማለት ለሶዶ አያምርባትም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋ የእንስሳት ሐኪሞችን ያስመርቃል፤ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም አላት። ደግሞስ በሬውን ቤቱ አስገብቶ ለወራት እየቀለበ የሚያደልብ የወላይታ ሰው፣ ለቡችላ የጥቂት ሳምንት ትዕግሥት አጣ ቢባል ማን ያምናል?

ልጅ ከተነከሰ በኋላ ለውሻው መርዝ ፍለጋ መሮጥ ጀግንነት አይደለም። ያን ውሻ እንዲነክስ ያስተማርነው እኛው ነን። ስለዚህ ሰፈራችሁ ውስጥ ቡችላ ላይ «ያዘው!» ሲባል ስትሰሙ፣ እባካችሁ ዝም አትበሉ።