በጆሮ የሚመዘን በዐይን አይፈረድም

ሙዚቃ ለጆሮ የተሠራ ጥበብ መሆኑን የሚክድ ሰው አይገኝም። ነገር ግን ዛሬ ወደ አንዳንድ ድምፅ መቅረጫ ቤት ጎራ ያለ ሰው፥ ሙዚቃ በዐይን ሲመዘን አይቶ ይደነቃል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወዳጄ በበገና የደረደረው መዝሙር ሲዘጋጅ ተገኝቼ ነበር። የተቀረጹትን ድምፆች የማመጣጠንና የማዋሐድ ሥራ፥ ባለሙያዎቹ ሚክሲንግ የሚሉት፥ የተሰጠው ወጣት ዐይኑን ከኮምፒዩተሩ መስኮት ሳይነቅል፥ የበገናውን ንዝረት «ይህ ረብሻ ነው» ብሎ ቀነሰው። ሥዕሉ ጠራ፤ በገናው ግን በገናነቱን አጣ። ያ ረብሻ የተባለው ድምፅ፥ አባቶቻችን በ10ሩ አውታር ሥር እንዝራ የሚባለውን ቁራጭ ቆዳ እያስገቡ፥ ጆሯቸው እስኪረካ ድረስ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተቱ ያገኙት የመሣሪያው ነፍስ ነው።

በዜማም ረገድ ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ኦቶ ቲውን የተባለው ማቃኛ፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፥ ድምፁን ፒያኖ ወደሚቃኝባቸው 12 እኩል እርከኖች ይጎትታል። አንቺ ሆዬን የሚያወርድ ማሲንቆ መቺ ግን ጣቱን የሚያሳርፈው አንዳንድ ጊዜ በሁለት እርከኖች መካከል ነው። መስኮቱ ስሕተት ነው ይላል፤ በቅኝቱ ያደገ ጆሮ ግን ለዛ ነው ይላል። የማንን ምስክርነት እንቀበል?

«ጆሮ ይታለላል፤ መሣሪያ ግን አይዋሽም» የሚሉ አሉ። የፊተኛውን ቃል አልክድም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የአሜሪካ ሊቃውንት በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፥ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። ስለዚህ አጉልቶ በመስማት ብቻ የተመጣጠነ ዘፈን፥ በቤት ቀስ ተብሎ ሲከፈት ወፍራሙ ድምፅ የጎደለው ይመስላል። ዳሩ ግን መድኀኒቱ ጆሮን መግራት እንጂ ጆሮን መሻር አይደለም። አንድ ጊዜ ከፍ፥ አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ መስማት፤ ሲደክሙ ማረፍ፤ በማግሥቱ በታደሰ ጆሮ መመለስ፤ በትልቁም በትንሹም ድምፅ ማጉያ መሞከር ይገባል። መሣሪያውም ቢሆን የድምፁን መጠን እንጂ ውበቱን አይናገርም። ሚዛን የበርበሬውን ክብደት ያሳውቃል፤ የወጡን ጣዕም ግን ምላስ ካልቀመሰው ማን ያውቃል?

የቅዱስ ያሬድን ዜማ የሚማር ደቀ መዝሙር ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ተጽፎለታል። ሆኖም ከመሪጌታው አፍ እየሰማ፥ ሲሳሳትም እየታረመ ይማራል እንጂ፥ ምልክቱን በማየት ብቻ ዜማ አይዘልቅም። ምልክቱ የጆሮ አገልጋይ ነው፤ የኮምፒዩተሩም ሥዕል አገልጋይ እንጂ ዳኛ አይሁን።

ነገሩ ቀላል አይምሰለን። ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ በገናን ለመስማት ያልታደለ ልጅ የሚሰማው ከተቀረጸው ነው። ዛሬ ለሥዕል ጥራት ሲባል ንዝረቱን ብንቆርጥበት፥ ነገ እውነተኛውን በገና ሲሰማ «ይህስ ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርድበታል።

እንግዲህ የድምፅ ባለሙያዎች ሆይ፥ ከመቁረጣችሁ በፊት መስኮቱን ጋርዱት፤ ዐይናችሁን ጨፍኑ፤ ስሙ። ያን ጊዜ ጆሯችሁ ያለውን እመኑ።