የጤና መድኅን መዋጮና የከፋዩ ሥልጣን

ጤፉ ተወቅቶ፣ በቆሎው ተፈልፍሎ፣ በርበሬው ደርቆ ለገበያ በሚወጣበት ወራት በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ፣ በወንበርማና በደምበጫ ቀበሌዎች፣ እንዲሁም በፍኖተ ሰላም ከተማ ነጋዴና የቀን ሠራተኛ መካከል አንድ ክርክር በየዓመቱ ያገረሻል። ክርክሩ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ዓመታዊ መዋጮን የሚመለከት ነው። ከአንድ ወገን ‹‹መዋጮው በዛብን፤ ከፍለንም መድኃኒት አናገኝም›› የሚል ድምፅ ይሰማል። ከሌላው ወገን፣ በተለይም ከአንዳንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ዘንድ፣ ‹‹ሕዝቡ ገና አልነቃም›› የሚል መልስ ይሰጣል። እኛ ከሁሉ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ይህ ሁለተኛው መልስ ነው እንላለን። ጥፋቱን በከፋዩ ጫንቃ ላይ አድርጎ ጥያቄውን የሚዘጋ መልስ ነውና።

የጎጃም ገበሬ በጋራ መዋጮ የጋራ ችግርን መወጣት ምን ማለት እንደሆነ ከማንም የሚማር አይደለም። ወንፈሉና ደቦው የአዝመራው ሕግ ነው። እድሩንም ቢሆን ማንም ካድሬ አልቀሰቀሰለትም። ማንም የእድርን ጥቅም ለማግኘት ተመኝቶ አይከፍልም፤ የሚከፍለው ግን ዓመት እስከ ዓመት፣ ያለ ዘመቻና ያለ ኮታ ነው። ለምን? ዳኛውን የመረጠው እሱ ነው፤ የገንዘብ ያዡን ቤት ያውቀዋል፤ ድንኳኑ መቀደዱንና አለመቀደዱን በዓይኑ ያያል፤ ሒሳቡ በፊቱ ይነበባል። እንግዲህ ለእድር የነቃ ሰው ለጤና መድኅን አልነቃም ማለት እንዴት ይቻላል? ልዩነቱ ከሰውዬው ኅሊና ሳይሆን ከአደረጃጀቱ የሚመነጭ ነው።

የነገሩን አመጣጥ ባጭሩ እናስታውስ። በደርግ ዘመን የቀበሌና የገበሬ ማኅበራት ለድኻው የነፃ ሕክምና ወረቀት ይጽፉ እንደነበር በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን አይዘነጉትም። በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት የገንዘብ አቅርቦት ስትራቴጂ ወጣ፤ የሕክምና ተቋማትም ከታካሚው የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ የሚፈቅደው አሠራር ከዚያ ተከተለ። ይሁንና ሕመም ቀን አይመርጥም፤ ገበሬው ደግሞ በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሚኖረው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። በክረምት የታመመ ልጅ በሬ ያሸጣል። በ2009 በጀት ዓመት እንኳ ከአገሪቱ ጠቅላላ የጤና ወጪ ወደ 31 ከመቶ የሚጠጋው በቀጥታ ከታካሚው ኪስ የወጣ ነበር።

ማኅበረሰብ አቀፉ መድኅን ይህን ሸክም ለማቅለል በ2003 ዓ.ም. ማብቂያ በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ሲሆኑ፣ ደቡብ አቸፈር በጊዜው የምዕራብ ጎጃም ዞን አካል ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከአባወራና ከእማወራዎች 41 ከመቶ የሚሆኑት በፈቃዳቸው ተመዘገቡ። በሙከራው ግምገማ አንድ አባል በዓመት በአማካይ 0.7 ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ የአገሪቱ አማካይ ግን 0.3 ነበር። እንግዲህ አባሉ ሲታመም ቤቱ መተኛቱን ትቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶአል ማለት ነው። ይህን ድል ማንም ሊያቃልለው አይችልም። ነገር ግን ከተመዘገቡት ውስጥ 18 ከመቶ የሚሆኑት በሁለተኛው ዓመት አባልነታቸውን ሳያድሱ ቀሩ። ዛሬ በየጉባዔው የምንሰማው ማጉረምረም ያን ጊዜም ምልክቱ ነበረ።

አሁን ወደ ተጨባጩ ሁኔታ እንግባ። በቡሬ ዙሪያ በቆሎና በርበሬ የሚያመርት አንድ ገበሬ እናስብ። በጥር መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን አሳድሶአል። በሐምሌ ሚስቱ ታመመች። ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ካርድ ያለ ክፍያ ወጣላት፤ ተመረመረች። ከዚያም ከመድኃኒት ማደያው መስኮት ‹‹ይህ የለንም፤ ከውጭ ግዙ›› የሚል ቃልና አንድ ማዘዣ ወረቀት ተሰጣቸው። ገበሬው የግል መድኃኒት ቤት ገብቶ ከዓመቱ መዋጮ የማይተናነስ ገንዘብ ከፈለ። ለዚህ ሰው መድኅኑ በዚያች መስኮት ላይ አብቅቶአል። በመጪው ጥር ሰብሳቢው በሩን ሲያንኳኳ ምን እንደሚመልስ ለመገመት ጠንቋይ አያሻም።

መደርደሪያው ለምን ባዶ ሆነ? ጤና ጣቢያው አባሉን በዱቤ ያክማል፤ ሒሳቡን ለወረዳው የመድኅን ጽሕፈት ቤት ያቀርባል፤ ሒሳቡ ተመርምሮ ይከፈለዋል። በዚያ ገንዘብ ደግሞ ከመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አዲስ መድኃኒት ይገዛል። ይህ ሰንሰለት በአንዱ ቀለበት ሲላላ ሁሉም ይላላል። ክፍያው ከዘገየ ጤና ጣቢያው መግዣ ያጣል፤ መደርደሪያው ሲራቆት አባሉ ከኪሱ ይከፍላል፤ ከኪሱ የከፈለው ጤነኛ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይቀራል፤ ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ግን መሄጃ ስለሌለው ይቆያል። ወጪው በብዙ፣ ገቢው በጥቂት ሰው ላይ ያርፋል። ከዚያ ‹‹መዋጮው ይጨመር›› ይባላል፤ ሲጨመርም የሚለቀው ቁጥር ያድጋል።

በዚህ ላይ የዘመኑ ሁኔታ ተደረበ። አገሪቱ የምትጠቀምበት መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ለመግዛት የሚያስፈልገው ብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። መዋጮው ለዓመት በብር የተቆረጠ ነው፤ መድኃኒቱ ግን በዶላር ይመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሳው ግጭትም መንገድን በየጊዜው ሲዘጋ፣ በሽተኛውም መድኃኒቱም ባሉበት እንዲቀሩ አድርጎአል። ስለሆነም ‹‹ወጪው ጨምሮአል›› የሚለው የመንግሥት ቃል ሐሰት አይደለም። የእኛ ጥያቄ ይህ ጭማሪ በማን ላይ ይውደቅ የሚል ነው።

መዋጮው የተጀመረው በመሠረቱ በአባወራ የተቆረጠ አንድ ወጥ ድምር ሆኖ ነው። አራት ጥማድ መሬትና የወፍጮ ቤት ያለውም፣ መሬቱን ለእኩል አርሶ የሚያድረውም ተመሳሳይ ብር ይከፍሉ ነበር። እኩል ካልሆኑ ሰዎች እኩል መውሰድ እኩልነት ሊባል አይገባውም። ሩዋንዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ መዋጮውን በቤተሰቡ የኑሮ ደረጃ ከፋፍላለች። ጋና በ2003 ባወጣችው ሕግ በሸቀጥ ላይ የሚጣል የ2.5 ከመቶ ግብር ለጤና መድኅን አዋለች፤ በዚህም ብዙ የሚሸምተው ብዙ እንዲያዋጣ አደረገች። በእኛ አገር በሙከራው ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት የመዋጮውን 25 ከመቶ ደጉሞአል፤ ለድኻ ድኻው ደግሞ ክልልና ወረዳ እንዲከፍሉለት ተደንግጎአል። መልካም ነው። ግን ድኻው ማን እንደሆነ የሚወስነው የቀበሌው ስም ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ በዝምድናና በትውውቅ ከተጻፈ ድጎማው አጥር ያለውን ቤት አልፎ አጥር የሌለውን አይደርስም። የቀበሌ ማኅበርተኞች ሆይ፣ እዚህ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ሰው አይደለም።

ወርኃዊ ደመወዝተኛውንም ሳንጠቅስ አናልፍም። የማኅበራዊ ጤና መድኅን አዋጅ ቁጥር 690/2002ን ተከትሎ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 ከመቶ፣ አሠሪውም 3 ከመቶ እንዲያዋጡ ተደነገገ። መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ተቃወሙት፤ ሥራ ላይ ሳይውልም ከ10 ዓመት በላይ ቆየ። የተቃውሞው ምክንያት የኑሮ ውድነት ነበርና በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ከወር አበላችን የመድኅን ሒሳብ ሲቆረጥብን ያጉረመረምን ነን። ነገር ግን ደመወዝ የማያገኘው ገበሬ ከምርቱ ሲያዋጣ ደመወዝተኛው ቆሞ መመልከቱ ቅራኔ ነው፤ ገበሬውም ቅራኔውን ያያል።

በጀርመን አገር በ1883 የሠራተኞች የሕመም መድኅን ሕግ ሲወጣ ሠራተኛው የመዋጮውን ሁለት ሦስተኛ፣ አሠሪው አንድ ሦስተኛ እንዲከፍሉ ሆነ። በመሆኑም በገንዘቡ አስተዳደር ሠራተኞቹ ሁለት ሦስተኛውን መቀመጫ ያዙ። ቢስማርክ የሠራተኛው ወዳጅ ሆኖ አልነበረም፤ የከፋዩን ድምፅ ግን መካድ አልቻለም። በእኛ ወረዳዎች የመድኅኑን ቦርድ የሚመራው የወረዳው አስተዳዳሪ ነው። መዋጮ እንዲሰበሰብ ኮታ የሚጣልበትም፣ የተሰበሰበውን የሚቆጣጠረውም እሱው ነው። የቀበሌ ተወካዮች የሚገኙበት ጠቅላላ ጉባዔ በደንብ ተጽፎአል። የሚሰበሰበው ግን በምን ጊዜ ነው? የሚቀርብለትስ ምንድር ነው? አብዛኛውን ጊዜ የተመዝጋቢ ቁጥር ነው። ስንት ሰው ታከመ፣ ጤና ጣቢያው ያቀረበው ሒሳብ በስንት ቀን ተከፈለ፣ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች የትኞቹ ለስንት ቀን ከመደርደሪያው ጠፉ፣ ስንት አባል ከውጭ ገዝቶ ገንዘቡ ተመለሰለት የሚሉት ግን ከጽሕፈት ቤት መዝገብ አልወጡም። ሒሳቡ በየቀበሌው፣ በገበያ ቀን፣ እንደ እድር ሒሳብ ጮክ ተብሎ መነበብ አለበት፤ የሚነበበውም የአዲሱ ዓመት መዋጮ ከመታወቁ አስቀድሞ ነው።