ያላለቀ ክስ መቼ ያልቃል?

በአሜሪካ ከሕዝቡ የተውጣጣው ጁሪ ቃለ መሐላ ፈጽሞ ችሎት ከተጀመረ በኋላ፣ ዳኛው ያለ ተከሳሹ ፈቃድና ያለ አስገዳጅ ምክንያት ቢበትነው ተከሳሹ "ዳግም አልከሰስም" ብሎ እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ይከራከራል። መለኪያው ከ1824 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆየ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ጁሪ የለም፤ ችግሩ ግን አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 23 ዳግም ከመከሰስ የሚጠብቀው የመጨረሻ ፍርድ ያገኘን ሰው ብቻ ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የተነሳ ክስ ተመልሶ እንዲመጣ በሩን አልዘጋም።

አንድ የእንፍራንዝ ገበሬ እርሻውን ጥሎ ለቀጠሮ ሲመላለስ ከርሞ፣ ምስክር እየተሰማ ሳለ ክሱ ቢነሳ "ሂድ" ይባላል እንጂ "ነጻ ነህ" አይባልም። ከዓመት በኋላ ዐቃቤ ሕግ የጎደለውን ምስክር አሟልቶ ቢመጣስ? የተበዳይም እንባ አለ፤ እውነት ነው። ቢሆንም ምስክር መሰማት ከጀመረ ወዲህ የሚነሳ ክስ፣ ዐቃቤ ሕግ አስገዳጅ ምክንያት ካላስረዳ፣ በነጻ እንደመሰናበት ሊቆጠር ይገባል።