ካማላ በሌላ ሰው መልክ

በዚህ ወር የማወራችሁ ስለ አንዲት ወጣት ልጅ ሞት ነው። አትደንግጡ፣ የኮሚክ መጽሐፍ ጀግና ናት። ቤታችሁ ውስጥ ኮሚክ የሚያነብ ልጅ ካለ ግን በ2023 አኩርፎ አይታችሁት ይሆናል። እኔም አኩርፌ ነበር፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ካማላ ካን፣ በጀግንነት ስሟ ሚስ ማርቭል፣ ወላጆቿ ከፓኪስታን የመጡ የኒው ጀርዚዋ ጀርዚ ሲቲ ልጅ ናት። የራሷ መጽሐፍ የጀመረው በ2014 ነው፤ ጸሐፊዋ ጂ. ዊሎው ዊልሰን፣ ሠዓሊው ኤድሪያን አልፎና ናቸው። የመጀመሪያው ቅጽ በ2015 የሁጎ ሽልማት አግኝቷል። እኔን የያዘኝ ግን ሽልማቱ አይደለም፣ ቤቷ ነው። አጥብቀው የሚቆጣጠሩ እናትና አባት፣ ሃይማኖተኛ ወንድም፣ “የጓደኞቼ ወላጆች ይፈቅዳሉ፣ እናንተ ለምን?” የምትል ልጅ። የእኛን ቤት ነው የሚመስለው!

መጀመሪያ ኃይል ስታገኝ ምን ተመኘች መሰላችሁ? የምታደንቃትን ካፒቴን ማርቭልን መምሰል። ምኞቷም ተሳካ፤ ፀጉሯ ወርቃማ ሆነ፣ ቁመቷ ረዘመ። ግን አልተመቻትም። ፀጉሩ ፊቷ ላይ እየመጣ አስቸገራት፣ ጫማው ቆነጠጣት። ቀስ በቀስ በራሷ መልክ ሰው ማዳን ጀመረች። ልብሷንም እናቷ ከገዛችላት ገላ ከሚሸፍን የዋና ልብስ ሠራችው። እኔ መጽሐፉን የወደድኩት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ኩርፊያዬ ልምጣ። ሜይ 31 ቀን 2023 በወጣው “አሜይዚንግ ስፓይደርማን” ቁጥር 26 ላይ ካማላ ሞተች። ክፉው ሰው የስፓይደርማንን ወዳጅ ሜሪ ጄንን ሊገድል ሲመጣ፣ ካማላ መልኳን ለውጣ ሜሪ ጄንን መሰለች፤ በእሷ ፋንታ በስለት ተወጋች። ከመሞቷ በፊት የራሷ መልክ ተመልሶላታል። ቢሆንም ሞቱ የተጻፈው በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ለቅሶውም በአብዛኛው የስፓይደርማን ሐዘን ሆነ።

“ለሰው መሞት የጀግና ሥራ አይደል?” የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ መሥዋዕትነቱንስ እኔም አከብራለሁ። ግን ይህች ልጅ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የተማረችው አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር ሌላ ሰው መምሰል እንደማያስፈልጋት ነው። ታዲያ የወጋት ስለት ያገኛት የሌላ ሰው ፊት ለብሳ ሳለ መሆኑ አይከነክንም? ሰው አገር ለሚያድግ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በትምህርት ቤት ትዕግሥት “ቲና” ትባላለች፤ ምሳዋን ጓደኞቿ እንዳያዩባት ደብቃ ትበላለች። እንዲህ ላለች ልጅ ካማላ “እንደኔ ያለች አንዲት አለች” የምትልባት ናት።

ልጆች፣ ለእናንተ አንድ ማጽናኛ አለኝ። በኮሚክ ዓለም መቃብር በር አለው። ሱፐርማን በ1992 ሞቶ በ1993 ተመልሷል። ካማላም በ2023 ተመልሳለች። የ2014ቱን የመጀመሪያ ቅጽ ከሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ወላጆች፣ ቁጥር 26ን ግን ለትንንሾቹ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ እዩት፤ አገዳደሉ በሥዕል ይታያል።

ልጃችሁ ስለ ካማላ ሲያወራ ደግሞ “የሌለ ነገር ነው፣ ተወው” አትበሉት። “ምኗን ነው የወደድከው?” በሉትና ዝም ብላችሁ ስሙ። ስለ ራሱ ሊነግራችሁ ይችላል።

ከመጽሐፉ ውስጥ እኔ የማልረሳው ቦታ ካማላ ተጨንቃ ሳለ አባቷ የስሟን ትርጉም የሚነግራት ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ፍጹምነት። ከማል የሚባል ጎረቤት ያላችሁ ትርጉሙን ታውቁታላችሁ። አባትየው ሌላ ሰው መሆን እንደማያስፈልጋት ያስረዳት በስሟ ነው። የእኛም ስሞች ትርጉም አላቸው፤ ብዙዎቹ የተወለድንበትን ቀን፣ የወላጆቻችንን ተስፋ ወይም ያለፉትን ችግር ይናገራሉ። ልጆቻችን ግን ስንቶቹ ያውቁታል? ዛሬ ማታ እራት ላይ ማን ስም እንዳወጣላቸውና ለምን ያንን ስም እንደመረጠ ንገሯቸው። አያት ከሆኑ ያወጡት፣ ስልክ ደውሉና ራሳቸው ይንገሯቸው።