የተደፋው ደም

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 ማአሪቭ የተባለው የእስራኤል ጋዜጣ አገር ያናወጠ ዜና ይዞ ወጣ። የአገሪቱን የአምቡላንስና የደም ባንክ አገልግሎት የሚሰጠው ማጌን ዴቪድ አዶም፣ ቤተ እስራኤላውያን የሚለግሱትን ደም ለዓመታት በድብቅ ሲጥል ኖሯል። ለጋሾቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰጡ፣ ተመስግነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ደማቸው ግን ለማንም ሳይደርስ ተደፋ።

በዚያው ወር በ28ኛው ቀን 10 ሺህ ያህል ሰው ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬዝ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተሰለፈ። ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስና በውኃ መለሰው። በኋላም በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ።

የጤና ባለሥልጣናቱ ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። ኤች አይ ቪ ከኢትዮጵያ በገቡት ዘንድ ከቀረው ሕዝብ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር። የዘመኑ ምርመራ ደግሞ በቅርቡ የተያዘን ሰው ለሳምንታት ነፃ አድርጎ ሊያሳልፈው ይችላል። ደም የሚሰበሰበው ለለጋሹ ክብር ሳይሆን ለታማሚው ሕይወት ስለሆነ፣ "ደሜን የግድ ውሰዱልኝ" የሚል መብት ማንም የለውም። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም።

ቁስሉ ያለው ድብቁ ላይ ነው። ለምን አልተነገራቸውም ሲባል፣ የማኅበረሰቡ ስም እንዳይጠፋ ታስቦ ነው የሚል መልስ ተሰጠ። ሰውን ላለማስቀየም ተብሎ ደሙን ተቀብሎ መድፋት ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው? (እነዚህ ሰዎች ኢትዮጵያ ሳሉም "ቡዳ" እየተባሉ በገላቸው ሲጠረጠሩ የኖሩ ናቸው። እዚያ በዓይናቸው፣ እዚህ በደማቸው።)

ጥንቃቄውን ከነውሩ ለመለየት አሜሪካ ያደረገችውን ማየት ይበቃል። በእብድ ላም በሽታ ስጋት፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1996 ባለው ጊዜ ብሪታኒያ ውስጥ ለወራት የኖረ ሰው እዚያ ደም እንዳይለግስ ከ1999 ጀምሮ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው የተነሣው በ2022 ነው። ብዙ ጤነኛ ሰው ያለ ጥፋቱ ተመልሷል። ነገር ግን ሲመለስ ምክንያቱ ፊት ለፊት ተነግሮታል፤ ፈገግ ብሎ ደሙን የተቀበለና ከኋላ የደፋው የለም። ለዚህ ነው ክልከላው ያስቆጣው ሰው ቢኖርም ሰልፍ ያላስወጣው።

በእስራኤል ግን ጉዳዩ በ1996 አልተዘጋም። በዲሴምበር 2013 ደም ሰብሳቢዎቹ ክኔሴት ግቢ ውስጥ ድንኳን ተክለው ሳለ የምክር ቤት አባሏ ፕኒና ታማኖ-ሻታ ሊለግሱ ሄዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ በመወለዳቸው አይቻልም ተባሉ። ሲከራከሩ የተሰጣቸው አማራጭ ደግሞ የባሰ ነበር፦ ደሙ ይቀዳል፣ ግን በረዶ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ ለማንም አይሰጥም። አፈ ጉባኤው ዩሊ ኤደልስታይን ደም ሰብሳቢዎቹ ከግቢው እንዲወጡ አዘዙ።

ሴትየዋ እስራኤል የገቡት በሦስት ዓመታቸው፣ በዘመቻ ሙሴ ነው። መመሪያው ከ1977 ወዲህ ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት አገር ከአንድ ዓመት በላይ የኖረን ሁሉ ያግድ ነበር። እንግዲህ በሕፃንነቱ የወጣ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት እዚያው አድጎ፣ ተምሮ፣ ወልዶ፣ ያኔም የሚለካው በተወለደበት ካርታ ነበር። ቫይረስ ይህን ያህል ጊዜ በደም ውስጥ ተደብቆ ከምርመራ አያመልጥም። ስለዚህ በ2013 የተመለሱት በሽታን ለመከላከል ነው ማለት ይከብዳል። መመሪያው የተረሳ ወይም ማንም ሊነካው ያልፈለገ ነበር።

የቫይረሱን ዘረ መል በቀጥታ የሚፈልገው ምርመራ አሜሪካ ውስጥ የለገሰ ደም ላይ መዋል የጀመረው በ1999 ነው፤ ሳምንታት የነበረውን ክፍተት ወደ አሥራ አንድ ቀን ገደማ አወረደው። ብሪታኒያ በ2021 ለጋሹን ከየትኛው ወገን እንደሆነ ሳይሆን በቅርብ ወራት ምን እንዳደረገ በመጠየቅ መመዘን ጀመረች። እስራኤልም ኢትዮጵያ ተወላጆችን ለይቶ የሚያግደውን መመሪያ በ2017 መግቢያ ላይ አነሣች። ከሰልፉ እስከዚያ 21 ዓመት ማለት ነው።

ደም ባንክ ሰውን መመለሱ አይቀርም፤ ነገም የወባ አገር ጎብኝቶ የመጣው፣ የደም ማነስ ያለበት፣ መድኃኒት የሚወስደው ይመለሳል። የሚመለሰው ሰው ግን ሦስት ነገር ይገባዋል፦ ለምን እንደተመለሰ፣ እስከ መቼ እንደሆነ፣ በሽታ ተጠርጥሮበት ከሆነም የት ሄዶ መመርመር እንደሚችል። በ1996 ከሦስቱ አንዱም አልተነገረም።