ሁለት ልጆች፣ አንድ ርዕስ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ያለው ምሳሌ ስለ አንድ አባትና ስለ ሁለት ልጆቹ ያወራል። ታናሹ ድርሻውን ተቀብሎ ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል፤ ገንዘቡን አባክኖ፣ ተርቦ ይመለሳል። ታላቁ ከእርሻ ሲገባ የድግሱን ድምፅ ይሰማና ተቆጥቶ ደጅ ይቀራል። አባቱ ወጥቶ ይለምነዋል። ይግባ አይግባ ግን አልተነገረም፤ ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃል።

በበርካታ የመጽሐፍ ቅዱስ እትሞች ከዚህ ታሪክ በላይ «የጠፋው ልጅ» የሚል ንዑስ ርዕስ ይገኛል። ሉቃስ አልጻፈውም፤ ከዘመናት በኋላ አርታኢዎች ያስገቡት ነው። ምሳሌው የተነገረው ኢየሱስ ከኃጢአተኞች ጋር ይበላል ብለው ላጉረመረሙት ለፈሪሳውያንና ለጻፎች ነው። እነሱን የሚመስለው ደግሞ ደጅ ቆሞ የሚቆጣው ታላቁ ልጅ ነው። ርዕሱ ግን ስለ እሱ አንዳች አይናገርም። አንባቢው ገና የመጀመሪያውን ቃል ሳያነብ ማንን መከተል እንዳለበት ተነግሮታል፤ ታላቁ ወንድም ሲመጣ እንደ ጭማሪ ይታየዋል።

የምዕራፍና የቁጥር አከፋፈሉም ቢሆን የኋላ ሰዎች ሥራ ነው። ዛሬ የምንሠራበት የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከኖረው ከእስጢፋኖስ ላንግተን ጋር ይያያዛል፤ የአዲስ ኪዳንን ቁጥሮች ያወጣው ፈረንሳዊው አታሚ ሮበርት ኤስቲየን ሲሆን ዘመኑም 1551 እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥር ግን ቦታ ከማሳየት አያልፍም። ንዑስ ርዕስ ይፈርዳል።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ክብደት የሚያውቁት ይመስላል። ጽሑፉን በጥቁር፣ የክፍል መክፈቻውን በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። 117 ምዕራፎች ያሉት ክብረ ነገሥትም ሆነ 51 አንቀጾች ያሉት ፍትሐ ነገሥት ያለ ርዕስ አይነበቡም፤ በተለይ ፍትሐ ነገሥትን ገልጦ የውርስ ወይም የጋብቻ ሕግ የሚፈልግ ዳኛ መንገዱን ያገኝ የነበረው በአንቀጹ ርዕስ ነው።

ወደ ዘመናችን ሕግ እንምጣ። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ምዕራፍ ሦስትን በሁለት ንዑስ ርዕስ ከፍሎታል፦ ከአንቀጽ 14 እስከ 28 «ሰብዓዊ መብቶች»፣ ከ29 እስከ 44 «ዴሞክራሲያዊ መብቶች»። ክፍፍሉ ሲታይ ንጹሕ ይመስላል። ችግሩ አንቀጽ 36 ላይ ይመጣል። ሕፃን በሕይወት የመኖር፣ ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው የሚደነግገው ይህ አንቀጽ የተቀመጠው ከዴሞክራሲያዊ መብቶች ጋር ነው። የማንኛውም ሰው በሕይወት የመኖር መብት በአንቀጽ 15 ሰብዓዊ ሲባል የሕፃኑ ምን ሆኖ ነው ዴሞክራሲያዊ የሚባለው? ዴሞክራሲያዊ መብት የዜጋ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው፣ አዲስ አበባ የተወለደ የስደተኛ ልጅ አንቀጽ 36 አይመለከተውም ሊል ይችላል። አንቀጹ ራሱ ግን የሚናገረው ስለ ማንኛውም ሕፃን ነው። እዚህ ላይ የሳተው ርዕሱ እንጂ ድንጋጌው አይደለም።

ጋዜጦቻችንና የጥናት ጽሑፎቻችን ያለባቸው ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ ርዕሶቻቸው አይስቱም፣ ምንም አይሉም እንጂ። «መግቢያ»፣ «ዳሰሳ»፣ «ማጠቃለያ» የሚሉት ቃላት በማንኛውም ጽሑፍ ላይ ቢለጠፉ ያው ናቸው፤ ስለ ቡና ዋጋም ይሁን ስለ ወባ። ገጹ እንዲሞላ በየሦስት አንቀጹ መሐል የሚወረወሩትም ከዚህ አይሻሉም። «የቡና ዋጋ ወደቀ» ለማለት ያልደፈረ ጸሐፊ «የገበያ ሁኔታ» ብሎ ያልፋል።

አንድ ጽሑፍ ለኅትመት ከመሄዱ በፊት አርታኢው ንዑስ ርዕሶቹን ብቻ ለይቶ ያንብባቸው። ጽሑፉ ምን እንደሚል ካልነገሩት፣ ወይም የማይለውን ካስባሉት፣ ለጸሐፊው ይመልስለት።