ሁለቴ ሳይሠራ አይደፋም፦ የባለጓሮዎች ማኒፌስቶ

ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ሰፈር ሌሊት የሚቀሰቅሰን የቧንቧ ድምፅ ነው። መጀመሪያ አየር ይተነፍሳል፣ ያስላል፣ ከዚያ ድፍርስ ውሃ ይተፋል፤ ቤተሰቡ ባልዲና ጀሪካን ይዞ ይሯሯጣል። ሲነጋ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ጎማውን ዘርግቶ ሳር ያጠጣል። እኛ የተሰባሰብነው በዚህ ተናድደን ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አንዳንዶቻችን ትናንት ባለጎማው ነበርን።

የምናምነው አንድ ነገር ነው፦ የአዲስ አበባ ጓሮ የቧንቧ ውሃ አይገባውም። ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ተጣርቶ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ ተገፍቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት የደረሰን ውሃ የሰው ጉሮሮ ድርሻ ነው። ጎመን የራሱ ውሃ አለው፤ አንዱ ጣሪያ ላይ ይዘንባል፣ ሌላው ሳፋ ውስጥ ይቀራል።

ጣሪያውን እናስላ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ 1 ሊትር ነው። ከተማችን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ቢያንስ 40,000 ሊትር ይወርዳል፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 2,000 መሆኑ ነው። ለሚረጨውና ለሚተነው ሩቡን ተዉለት፣ 1,500 ጀሪካን ይተርፋል። አሸንዳ የሌለው ቤት ይህን ሁሉ ግድግዳ ሥር አንጠባጥቦ፣ ግቢውን አጨቅይቶ፣ ወደ ቦይ ይሸኘዋል። ታኅሣሥ ላይ ጀሪካን አንጠልጥለን የምንዞረው እኛው ነን።

ሮቶ ግዙ ብለን እዚህ ላይ ብናቆም ቀላል ነበር። ግን ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ በዚያው ጣሪያ ሥር፣ ምንም ካልባከነ፣ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ጢም ያደርገዋል፤ አንድ ደህና የሐምሌ ዶፍ ማለት ነው። በበጋ በቀን 2 ጀሪካን ከቀዳችሁበት ወር ሳይሞላው ያልቃል። ትልቁ ሮቶ አፈሩ ነው። ብስባሽ የጠገበ አፈር ዝናቡን ውጦ ያቆያል፤ እንደ ጡብ የደረቀው ያንሸራትተዋል። ኮንሶዎች ይህን ያወቁት ከእኛ ብዙ ትውልድ ቀድመው ነው፤ በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የድንጋይ እርከናቸው አፈሩንም ዝናቡንም አብሮ ያስራል። በጓሮ ልክ የሚሆነው ቀላል ነው፦ ብስባሽ አብሉት፣ የጤፍ ጭድ ወይም የደረቀ ቅጠል ጎዝጉዙበት። ጥቁር አፈር ከሆነ ግን በክረምት ውሃ ይተኛበታልና ማፋሰሻ ተዉለት።

በበጋ ማሰሮ እንቀብራለን። አፉ ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ቅበሩት፣ ውሃ ሙሉት፣ ክደኑት፣ ዙሪያውን ቃሪያና ቲማቲም ትከሉ። አፈሩ ሲደርቅ ውሃው በሸክላው እየሰረገ ይወጣል፤ ሥሩም ወደ ማሰሮው ይሄዳል። የማሰሮ ሻጯ "አሟሽታችሁ ተጠቀሙበት" ብትላችሁ ለዚህ ሥራ እንዳትሰሟት፤ ማሟሸት የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች ሙያቸው ሲናቅ ኖሯል፣ ከውጭ የሚመጣ የጠብታ መስኖ ዕቃ ግን ይደነቃል። ይህን አንረሳም። ማሰሮ ያላገኘ ሃይላንድ በመርፌ በስቶ ከቃሪያው አጠገብ ይቅበር።

ወደ እጣቢው እንምጣ። ቅዳሜ ልብስ ሲታጠብ ሳፋው ዳር ቁሙ። የመጀመሪያው ውሃ ጠቁሮ በኦሞ አረፋ ይነፋል፤ ሁለተኛው ይገረጣል፤ ሦስተኛው ታጥቦበታል ለማለት ይቸግራል። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን መጸዳጃ ቤት ውሰዱ። ሦስተኛው ለኮባው፣ ለጌሾው፣ ለፍራፍሬው ዛፍ ሥር ነው። በረኪና የነካው አትክልት አጠገብ አይድረስ፤ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣም የልብስ እጣቢ አይቅመስ። የምስርና የጎመን እጣቢ ለሁሉም ይሆናል። እጣቢ ግን አይደር፣ ይሸታል።

ቤት ለሚሠሩ፦ አሸንዳ የሌለው ቤት አላለቀም፤ ቁልፍ አታስረክቡ። ሳር ለሚያጠጡ ጎረቤቶቻችን፦ ጥር ላይ ቢጫ ይሁን፣ ተዉት። ሐምሌ ላይ ተመልሶ ይለመልማል። ኮንዶሚኒየም ያላችሁም በረንዳ ላይ ባለች አንዲት የቃሪያ ጣሳ ከእኛ ወገን ናችሁ።

የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ይሂድ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያዙት፣ ትንኝ እንዳይራባበትም ሮቶውን ክደኑ። ክረምት ሰኔ ላይ ይገባል። አሸንዳችሁን ግንቦት ሳያልቅ ጥረጉ።